የጀልባው ድንኳንና የጋሽ መኩሪያ እርግማን

ጋሽ መኩሪያ በስድስት ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «አንተን ፊደል ያስቆጠርኩበት ቀን የተረገመ ይሁን!» አሉኝ። በደሉ ይኸው ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አንዳንዱ ሰው በደሉን ሲናገር ከቅድመ አያቱ ይጀምራል፤ እኔ እንደዚያ አይደለሁም። ስድስቱን ሰዎችም አንድ በአንድ መቁጠር እችላለሁ። አንደኛዋ ጆሮዋ ደከም ያለ ስለሆነ አምስት ተኩል በሉት።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ብትፈርዱብኝ አይገርመኝም። እኔ በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ሸራ ሰፊ ነኝ። ካርቱም፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ርክሻ የሚሉት የባጃጅ ክዳን፣ የሱቅ በር ጥላ፣ የጭነት መኪና ልባስ፣ ሱዳኖች ሰው ሲሞትባቸው መንገድ ዘግተው የሚተክሉት ሲዋን የሚባለው ትልቁ የለቅሶ ድንኳን፣ ሸራ ይሁን እንጂ የኔ እጅ ሳይነካው አያልፍም። ሃያ ዓመት ስሰፋ ታዲያ አንድ ቃል ማንበብ አልችልም ነበር። ልክ የምይዘው ክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ነው። አንድ ቋጠሮ አንድ ክንድ። ክሬን አይጥ የበላችው ዕለት የአንድ ሙሉ ሲዋን ልክ ይዛ ሄዳለች፤ ለቀስተኞቹ ፀሐይ ላይ ዋሉ።

ጋሽ መኩሪያ የያዙኝ አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። እሳቸው አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ በፖለቲካ ምክንያት ድንበር ተሻግረው ካርቱም ከገቡ ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ የሚያስተምሩበት ቦታ ስላላገኙ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሒሳብ ደብተር ይይዛሉ። ሰው ሁሉ ግን «መምህር» ይላቸዋል። ሁለታችንም ምሳ የምንበላው ዘነበች ጋ ነው፤ ዘነበች ዴም ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ ምላሷ ግን ትልቅ ሆቴል ነው። አንድ ቀን የሰርግ መጥሪያ ደረሰኝና ዘርግቼ እያየሁ «ደስ ይላል፣ ጥሩ ተጽፏል» ስል ጋሽ መኩሪያ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ገልብጠህ ነው የያዝከው» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ነገ ሥራ ስትጨርስ እዚህ ና» አሉኝ። ሁለት ዓመት፣ በየምሽቱ፣ ዘነበች ጥግ ላይ ያለችው አንድ እግሯ አጭር የሆነች ጠረጴዛ ላይ፣ ከ«ሀ» እስከ ጋዜጣ አደረሱኝ።

አንድ ነገር ልናገር። ፊደልን በልጅነቱ የለመደ ሰው ሲያነብ እንደሚተነፍስ ነው፤ አይታወቀውም። በአርባው የለመደ ግን በጾም መጨረሻ ሥጋ እንዳገኘ ሰው ነው። እኔ የበርበሬ ከረጢት አነበብኩ፣ የሳል መድኃኒት ወረቀት አነበብኩ፣ የሰው መታወቂያ ከእጁ ቀምቼ አነበብኩ። የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ላይ ስሕተት አገኘሁና ቄሱን በምእመኑ ፊት አረምኳቸው። ፊደል ከያዘኝ ወዲህ ወዳጆቼ በግማሽ ቀነሱ። በዚያ ላይ ሃፍላ የሚሉትን የሚኒባስ ታፔላ፣ የሱቁን ስም፣ «ዝግ ነው» «ክፍት ነው» የሚለውን እያየሁ የዐረብኛውንም ፊደል እየለየሁ መጣሁ። ስምንት ይሁን ዘጠኝ ፊደል ለየሁ። በዚህ ስንቄ «ዐረብኛም አነባለሁ» ማለት ጀመርኩ። ያለ ስንቅ በረሃ የገባ ሰው አጥንቱ ይገኛል፤ በዘጠኝ ፊደል የገባ ግን አጥንቱም አይገኝም።

አሁን ወደ ጀልባው።

ጋሽ መኩሪያ ደብተር የሚይዙበት ሱቅ ባለቤት አባት ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ሰው «ባሽሙሃንዲስ» ይለዋል፣ ትልቁ መሐንዲስ እንደማለት ነው። ሽማግሌ ሆኖ ሳለ «አለ» እያልኩ ስጽፍ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ በዐረብኛ አንቱ የለም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዐረብኛ ሁሉን «አንተ» እያልኩ ኖሬ አሁን እሱን ላከብረው ብነሣ ራሱም ይደነግጣል። በአማርኛ ግን አንቱ አለ። ይህን ያዙልኝ።

ባሽሙሃንዲስ ጥቁር ዓባይ ዳር ባለ የጀልባ ክበብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀልባ አለችው። አራት ሰው ትይዛለች። መሀሏ ላይ ረጅም ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ወገብ ወደ ኋላ አንድ አግዳሚ ዘንግ ተዘርግቷል፤ ከዘንጉ በታች እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ መቀመጫ አለ። ሐኪም «ፀሐይ አትምታህ» ስላለው መቀመጫዋ ላይ ድንኳን ፈለገ፤ ዓርብ ዓርብ ከሚስቱ ከሐጃ ጋር ወንዙ ላይ ሻይ ሊጠጣ። ሰፊ ሲያፈላልግ ጋሽ መኩሪያ «የኔ ተማሪ አለ» አሉት። «የማውቀው ሰፊ አለ» አይደለም ያሉት። «ተማሪዬ» ነው ያሉት። ዳሚን፣ ማለት ዋስ፣ ሆኑልኝ።

ለመለካት ወረድኩ። ጀልባ ከቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ የተወለድኩበት አገር ውኃ ወይ ይጠጣል ወይ ይወስዳል፤ ሰው ላዩ ላይ አይቀመጥም። የሱቅ በር ስትለካው ይቆማል። የጭነት መኪናም ፍሬን ከተያዘ ይቆማል። ጀልባ ግን ገበያ የወጣች ጊደር ናት፤ ክሩን ስታስጠጋላት ወገቧን ትሰብቃለች። በአራት እግሬ ዳኽኩ። ግራውን ለካሁ። ወደ ቀኙ ስዞር ጀልባዋም አብራኝ ዞረች፤ ቀኙን በእምነት ተውኩት።

«ምን ያስፈልግሃል?» አለኝ ባሽሙሃንዲስ ከዳር ሆኖ።

«የምትቆም ጀልባ» አልኩት።

የማውቀውን ሠራሁ። የማውቀው ሲዋን ነው። አራት ቋሚ፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ዘርፍ ያለው፣ ቆንጆ። ወስጄ ጀልባዋ ላይ ተከልኩት። ባሽሙሃንዲስ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ገና ሻይ ሳይቀዳ አንድ መንገደኛ ከላይ ከአስፋልቱ ድንኳኑን አየና ጫማውን እየጎተተ ወረደ፤ ፊቱን አጨፍግጎ ሁለት እጁን ዘረጋ። «አልፋትሐ» አለ። ሱዳን ለቅሶ ሲደርስ እንዲህ ነው። ባሽሙሃንዲስም ሳያስበው እጁን ዘረጋ፤ ሰው እጁን ሲዘረጋልህ መዘርጋት ነው። ጸሎቱ አለቀ።

«ሟቹ ማነው?» አለ መንገደኛው።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ ባሽሙሃንዲስ።

በዚህ መሀል ነፋስ መጣ። ድንኳኔ ሆዱን ነፋ። ያሰርኩት ገመድ፣ እኔው ነኝ ያሰርኩት፣ ተፈታ። ጀልባዋ ከነሲዋኗ፣ ከነባሽሙሃንዲሷ፣ ከነሻይ ማንቆርቆሪያዋ እንደ ሙሽራ ሄደች። ማዶ ጭቃ ላይ ስትሰካ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። እንግዲህ ያን ዕለት ሸራ ጀልባ እንደሚነዳ በሁለት ዓይኔ አየሁ። አየሁና ምንም አልተማርኩም።

ባሽሙሃንዲስ ከወገቡ በታች ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «ማዓሌሽ» አለኝ፤ ይቅርታም ግድ የለምም ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በመቅዘፊያ ይለኝ ነበር። በሳምንቱ ጠራኝና በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ቋሚ አያስፈልግም፣ ድንኳኑ በአግዳሚው ዘንግ ላይ ተጥሎ በግራና በቀኝ ይታሰራል። ከዚያ ከጎኑ አንድ ረጅም ከረጢት አነሣና ሰጠኝ። «ሃክ አሽሺራዕ» አለኝ። «እንካ ሸራውን» ማለት ነው። እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ዐረቡ መጨረሻው ላይ ከጉሮሮው ትንሽ ያንቀዋል እንጂ ያው ሸራ ነው። «ኸይማውን በሱ ልክ ሥራልኝ» አለ። ኸይማ ድንኳን ነው። ሸራ ተሰጠኝ፣ ድንኳን ታዘዝኩ። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ?

«የቀረውን ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ» አለ፤ አንድ ወረቀት አጥፎ ሰጠኝ። «ኡስታዝ መኩሪያ ያንብብልህ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ገደለችኝ። «ያንብብልህ!»

ማግስቱን ዘነበች ጋ ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ከረጢቱን አዩ።

«ወረቀት ሰጥቶሃል አሉ። አምጣ እስቲ ላንብብልህ።»

«ምን አደከመዎት ጋሼ፣ አንብቤዋለሁ።»

«በዐረብኛ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያስ? ፊደል ፊደል ነው።»

«ፊደልስ ፊደል ነው» አሉ፤ «አንተ ግን አንተ ነህ።»

ዘነበች ከወጥ ቤት ሳቀች። «መምህር፣ ተዉት፣ ነገ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቀድስልናል!»

ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ሁለተኛ «አምጣ» አሉኝ። ያቺን የተዘረጋች እጅ ዛሬም አያታለሁ። የሽሮ ጠብታ አውራ ጣቷ ላይ አለች። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከተትኩና ኪሴን በቁልፍ ዘጋሁት።

ቤቴ ገብቼ ከረጢቱን ፈታሁ። ኧረ ምን ዓይነት ሸራ! ነጭ፣ ልስልስ፣ ቀላል፣ ስትዳስሰው እንደ አዲስ ብር የሚንኮሻኮሽ። ሃያ ዓመት የሰፋሁት ድሪቶ ሁሉ አሳፈረኝ። አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ሦስት ማዕዘን ጣቃ የሚሸጥ ሱቅ በዘመኔ አላየሁም። ግን ሀብታም ነው፣ ከሀብታም ቤት ምን ይጠፋል ብዬ አለፍኩት። ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበቶች አሉት፤ «ሥራ አቅልለውልኛል» አልኩ። አጥንት የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች ገብተውበታል፤ መዝዤ ጣልኳቸው። መሀሉ ላይ ትልልቅ አራት ቁጥር ተሰፍቶበታል፤ የፋብሪካ ምልክት መሰለኝ። ወንዙ ላይ እንደ ነጭ ክንፍ የቆመውን ነገር በሩቅ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። ግን በሬን የሚያውቅ ሁሉ ቁርበቱ ተጠቅልሎ ሲመጣለት አያውቀውም።

መቀሱን አነሣሁ። ልክ እንደ ቅቤ ነው የገባው። ድምፁ ደስ አለኝ። በኋላ ብዙ ጊዜ ያን ድምፅ ሰምቼዋለሁ፤ ተኝቼም፣ ቅዳሴ ቆሜም።

በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ስፌቱን ደረብኩት። ማዕዘኑን በቆዳ አጠናከርኩት። ቁጥሩን እንኳ አልጣልኩትም፤ በጥንቃቄ ቆርጬ ከመግቢያው በላይ እንደ ቤት ቁጥር ሰፋሁት።

በግንቦት፣ ዓርብ ቀን ከሰዓት በፊት፣ ክበቡ ተሰበሰብን። ባሽሙሃንዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ሐጃ አለች፣ ጆሮዋ ደከም ያለው እህቷ አለች፣ የክበቡ ዘበኛና ሻይ ሻጯ አሉ። ዘነበችም መጥታለች። ማን ጠራት ብትሉ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። «የተማሪዬን ሥራ ነይ እይ» ብለው ነው የጠሯት። እሳቸው የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አሥረው መጥተዋል። ለድንኳን ምረቃ ክራቫት!

ጣልኩት። አሠርኩት። እንደ ጓንት ገጠመ። ባሽሙሃንዲስ ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀና ብሎ አየ፣ «ሚያ ሚያ!» አለ፣ መቶ በመቶ። ሐጃ እልል አለች። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው የራሳቸውን ቤት እንደሚያስመርቅ ሰው ቆሙ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሁለት ዓመት ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን ትከሻዬን ነክተውኝ አያውቁም።

«ግን አረንጓዴ ነበር እኮ የመሰለኝ» አለ ባሽሙሃንዲስ። «ይሁን፣ ነጭም ይቀዘቅዛል።»

ሻይ ተጠጣ። ነፋስ ነፈሰ፤ ደስ የሚል፣ የሰሜን ነፋስ። ባሽሙሃንዲስ ብድግ አለና እጁን አፋተገ። «ያላ! ቱቲ ደሴትን ዞረን እንምጣ። ዌን አሽሺራዕ?»

ሺራዑ የት አለ ነው የሚለው። ጥያቄው ቀላል ነው። በጣቴ ወደ ላይ አሳየሁት። «ፎግ ራሳክ» አልኩት። ራስህ ላይ።

ቀና አለ። ጣራውን አየ። ስፌቱን በዓይኑ ተከተለ። የቤት ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ዳ ሺኑ?» አለ ቀስ ብሎ፣ ምንድነው ይሄ? ለማንም አልነበረም ጥያቄው። ሺራዕ በእነሱ አፍ ጀልባዋን የሚነዳት ያ ነጭ ክንፍ ነው። እኔ ክንፏን ቆርጬ ቆብ ሠራሁላት።

ጋሽ መኩሪያ ነገሩ ቀድሞ ገባቸው። መጡና የደረት ኪሴን ቁልፍ ፈተው ወረቀቱን አወጡ፤ ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበር። ጮክ ብለው በአማርኛ አነበቡት፤ «አረንጓዴው ጨርቅ ገበያ ውስጥ በስሜ ተቀምጦልሃል፣ ሄደህ ውሰድ። ሺራዑን የሰጠሁህ የታችኛውን ጠርዝ ርዝመት እንድትለካበት ብቻ ነው። ከአቧራ ጠብቀው። ከሟች ወንድሜ ጋር ከፖርት ሱዳን ያመጣነው ነው፣ ካርቱም ውስጥ ሌላ የለም።»

ባሽሙሃንዲስ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና የሸራውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ሰው የልጁን ጆሮ እንደሚይዝ። «ማዓሌሽ» አለ። ሃያ ዓመት ማዓሌሽ ሰምቻለሁ፣ እግሬን ረግጠው ማዓሌሽ፣ ዕቃዬን ሰብረው ማዓሌሽ። ያን ቀን ያለው ግን ለኔ አልነበረም። ለወንድሙ ነበር።

ያኔ ነው ጋሽ መኩሪያ ያን ያሉት። ፊታቸው እንደ ክራቫታቸው ቀልቶ፣ «አንተን ፊደል ያስቆጠርኩበት ቀን የተረገመ ይሁን!» በአማርኛ ስለሆነ ከስድስቱ የገባው ለዘነበች ብቻ ነው። ግን እርግማን አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ሻይ ሻጯ እንኳ ብርጭቆዋን ሰበሰበች።

እዚህ ላይ ባቆም በደለኛው እሳቸው ሆነው ይቀሩ ነበር። ለብዙ ወር ለሰው ስናገር እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። ግን እኔም መልሻለሁ።

«አንተ ራስህ ማነህ?» አልኳቸው። «ሃያ አምስት ዓመት መምህር መምህር ስትባል ያፈራኸው ተማሪ አንድ እኔ ነኝ! እኔን ደግሞ ተመልከተኝ!»

አንተ። አንቱን ጣልኩ። የሸራው ብዙም አያስከፋም፣ ባለማወቅ ነው። ይሄንን ግን እያወቅሁ ቆረጥኩት።

ጋሽ መኩሪያ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ዘነበች አፏን ይዛ ቀረች። እሷን አፏን ስትይዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስድስት ወር አልተነጋገርንም። ዴም ውስጥ አለመነጋገር ትልቅ ሥራ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ምግብ ቤቱ አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ። እሳቸው በምዕራብ በር ሲገቡ እኔ በሰሜን እወጣለሁ። ዘነበች ጋ ጀርባ ለጀርባ እንቀመጣለን። «ዘነበች፣ ለዚያ ሰውዬ ጨው አቀብዪው፣ ዓይኑ እየለመነ ነው» ይላሉ። «ዘነበች፣ ለመምህር ጨው አይመከርም በያቸው» እላለሁ። እሷ ታዲያ «እኔ ጨው ነው የምሸጠው እንጂ ቃል አላመላልስም!» ብላ ጨውን መሀላችን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ማንም አላነሣውም። ወጡን አልጫ በላነው።

የከፋው ንባቡ ነው። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ሳላስበው ፊቴን ወደሳቸው አዞርና አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። ቃሉን ዋጥ አድርጌ አልፋለሁ። ስድስት ወር የዋጥኳቸው ቃላት ዛሬም አልተፈጩልኝም።

በመስከረም ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ሁለት ገጽ። ይቅርታ ልጠይቅ ጀምሬ መሀሉ ላይ ንዴቴ መጣና ክስ ሆነ። መጨረሻው ላይ «ስለሆነም ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባል» ብዬ ፈረምኩ፤ በዘነበች በኩል ላክሁት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። አሥራ አራት የፊደል ስሕተት ተከብቧል። ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሥር መስመር ተሰምሮ እንዲህ የሚል ተጽፎባታል፤ «ጠያቂው ማን ነው? ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ይጎድለዋል።» ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል የለም። ተናድጄ ልቀደው ብዬ ተውኩት። እውነትም ባለቤት አልነበረውም።

ነገሩን ባሽሙሃንዲስ ሰማ። ማን እንደነገረው አትጠይቁኝ፣ ምግብ ቤት አላት። «በኔ ሺራዕ ሁለት ሐበሻ ተጣልቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለ። ሁለታችንንም ለየብቻ ጠራን፤ እኔን «ድንኳኑ ተቀዷል፣ ና ስፋው» ብሎ፣ እሳቸውን «ሒሳብ አለ» ብሎ። ጀልባዋ ውስጥ ስገባ ጋሽ መኩሪያ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። ልውረድ ስል ዘበኛው በሌላ ጀልባ መጎተት ጀምሯል። መሀል ወንዝ ላይ ሲያደርሰን ባሽሙሃንዲስ መልህቁን ጣለ፣ ዘበኛው ጥሎን ተመለሰ።

«እስክትታረቁ መልህቅ አይነሣም» አለ ባሽሙሃንዲስ። «እኔ አማርኛ አልችልም፣ አልሰማችሁም። ስትጨርሱ ቀስቅሱኝ።» ፊተኛው ጫፍ ላይ ተንጋለለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ሁለታችንም ዋና አንችልም። ጉልበታችን ይነካካል። ጉልበቴን ስሰበስብ ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትንቀጠቀጥ የሳቸውን ጉልበት እይዛለሁ። ሁለት ጊዜ ይዤ ሁለት ጊዜ ለቀቅኩ።

ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው ለጣራው «ስፌቱ ጠንካራ ነው» አሉት።

«ድርብ ነው» አልኩት እኔም ለጣራው።

«አንድ ተማሪ ነው ያለህ አልከኝ።»

«አልኩ።»

«አንተ ብለህ።»

«አዎ። አንተ ብዬ።» ወደሳቸው ዞርኩ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጠያቂው እኔ ነኝ። በደለኛውም እኔ ነኝ።»

ውኃው የጀልባዋን ጎን ይልሳል።

«አንድ ተማሪ ያልከው እውነት ነው» አሉ። «እውነት ስለሆነ ይቅር የምለው ነገር የለውም። ያናደደኝ ሌላው ነው። ‹እኔን ተመልከተኝ› አልክ። ያቺ እግሯ አጭር ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት ለማን ነው? እሱን ነው የሰደብክብኝ።»

እርግማን ይነሣል። እውነት ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ ማን ያነሣዋል? እኔ የተናገርኩት እሳቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ አሁንም አለ። ቢሆንም የራሴን ለመንኩ።

«እንግዲያው እርግማኑን ያንሡልኝ።»

«የረገምኩት አንተን አይደለም፣ ቀኑን ነው።»

«ቀኑን ያንሡታ!»

«የትኛው ቀን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። አላውቀውም። «አቧራ ነበር፣ ያ ሃቡብ የሚሉት ቀይ አቧራ» አልኩ።

«የምን አቧራ? ዝናብ ነበር።»

«ካርቱም መቼ ይዘንባል ጋሼ?»

«ዘነበች ጣራዋ አፍስሶ ጠረጴዛዋን ስታዞር አላየህም? ጾምም ነበር፣ ሽሮ ነው የበላነው።»

«ሽሮማ በፍስክም እንበላለን! ማክሰኞ ነበር።»

«ማክሰኞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ!»

ባሽሙሃንዲስ ባርኔጣውን በጣቱ ከፍ አደረገ። «ኸላስ?» አለ፣ አለቀ?

«ሊሳ!» አልነው እኩል፣ ገና! ባርኔጣውን መለሰ።

«መርገም በደፈናው ይቻላል» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ድምፃቸው የመምህር ሆኖ፤ «ማንሣት ግን በስም ነው። ቀኑ ካልታወቀ ምኑን ላንሣው? ለምን ጽፈህ አልያዝከውም?»

«እንዴት አድርጌ? ያን ቀን እኮ ገና ‹ሀ› ነው ያልኩት!»

አዩኝ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው፤ ፊት ለፊት አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ጀልባዋ በሳቃቸው ተናወጠች፣ እኔ ጉልበታቸውን ያዝኩ፣ በዚህኛው ጊዜ አለቀቅኩም። ባሽሙሃንዲስ፣ አማርኛ አልችልም ያለው ሰውዬ፣ ባርኔጣው ሥር ሆዱ ይንቀጠቀጣል።

ጀልባዋ ከዚያ ወዲህ በነፋስ ሄዳ አታውቅም። እየተጎተተች ትወጣለች፣ እየተጎተተች ትገባለች፤ ሌሎቹ ነጭ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያልፉ ባሽሙሃንዲስ ከድንኳኔ ሥር እጁን ያውለበልብላቸዋል። ሳየው መቀሱ ይሰማኛል። ያ የተረገመ ቀንም እንደተረገመ ቀርቷል፤ አቧራ ይሁን ዝናብ፣ ማክሰኞ ይሁን ቅዳሜ ስለማይታወቅ የሚያነሣው የለም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቀው፣ በደጄ ያልፋል። የታረቅንበትን ግን ያኔ መጻፍ እችል ስለነበር እዚያው ጀልባዋ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ፦ ዓርብ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.